አሮጌው ኬኤልአር 650 ወይስ አዲሱ? ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደረጃ በደረጃ

በጸደይ ወራት አንድ ወጣት ደወለልኝ። እዚሁ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ የሚኖር ልጅ ነው፤ ኬኤልአር 650 የሚባለውን የካዋሳኪ ሞተር ሳይክል ሊገዛ ፈልጓል። "ጋሼ፣ ሁለት ኬኤልአር አግኝቻለሁ። አንዱ የ2006፣ አንዱ የ2022 ነው። የቱን ልግዛ?"

"ጋራዥ አለህ?" አልኩት።

"አፓርትማ ነው የምኖረው።"

"መፍቻስ?"

"የምን መፍቻ?"

ለእኔ ነገሩ እዚያው ላይ አልቆ ነበር፤ አዲሱን ይግዛ። ለእሱ ግን አላለቀም፤ አሮጌውን 2,800 ዶላር፣ አዲሱን 5,400 ዶላር ብለውታል። ግማሽ ዋጋ ሲባል ማን ልቡ አይሸፍትም? ያን ዕለት በስልክ የነገርኩትን ነው እዚህ ረጋ ብዬ የማሰፍረው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በአብዛኛው የእጅ ሥራ ዋጋ ነው። ሥራውን ራሳችሁ ከሠራችሁት ልዩነቱ ኪሳችሁ ውስጥ ይቀራል። ለመካኒክ ከከፈላችሁት በአንድ ክረምት ተመልሶ ይወጣል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ እናንተ ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ ለማወቅ ናቸው። ግራ እንዳንጋባ ደግሞ፣ "ሞተር" ስል ሙሉውን ሞተር ሳይክል፣ "ኢንጅን" ስል የሚነደውን ብረት ማለቴ ነው።

ደረጃ 1፦ "አሮጌ" የተባለው የትኛው እንደሆነ ለዩ

ኬኤልአር 650 ገበያ ላይ የዋለው በ1987 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ እስከ 2007 ድረስ ካዋሳኪ ቀለም ከመቀያየርና አንዳንድ ጥቃቅን ነገር ከማስተካከል በቀር ብዙም አልነካውም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሞተር! ለዚህ ነው ዕቃው ዛሬም እንደልብ የሚገኘው፤ የአንዱ ዓመት ዕቃ በአብዛኛው ለሌላውም ይሆናል። በ2008 ሁለተኛው ትውልድ መጣ፦ የፊት አሞርዛተሩ ወፈረ፣ ነፋስ መከላከያው ሰፋ፣ ፓውዛው ተቀየረ። ይሄኛው በ2018 ቆመ። በ2021 መጀመሪያ ላይ ሦስተኛው ትውልድ የ2022 ሞዴል ተብሎ ተዋወቀ።

የሦስቱም ኢንጅን መሠረቱ አንድ ነው። አንድ ፒስተን፣ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ 83 ሚሊ ሜትር፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ አምስት ማርሽ፣ ጉልበቱ 40 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ሰልባትዮው 23 ሊትር ይይዛል። ቸርኬው ፊት 21፣ ኋላ 17 ኢንች፤ ባለ ራጂና ባለ ካላማዳሪ ነው። ስለዚህ "አዲሱ ይበራል" የሚላችሁን ሰው አትስሙት። በሀይዌይ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ሁለቱም ወደ 5,000 ዙር ተጠግተው "ስድስተኛ ማርሽ ስጡኝ" እያሉ ይጮኻሉ፤ ስድስተኛ ማርሽ የላቸውም።

አዲሱ ላይ የተለወጠው ይህ ነው። ካርቡሬተሩ ወጥቶ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ ለክቶ የሚረጨው) ገባ። ከመቀመጫው ሥር ያለው የኋላ ሻንሲ በቡሎን የሚታሰር ነበር፤ አሁን ከዋናው ጋር አንድ ሆኖ ተበየደ። የኋላ ጎማውን የሚይዘው ክንድ ረዘመ፣ የጎማ አክሶቹ ወፈሩ፣ የፊት ፍሬን ዲስክ ከ280 ወደ 300 ሚሊ ሜትር አደገ፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) በምርጫ መጣ። ክብደቱም አብሮ ጨመረ፦ ሁለተኛው ትውልድ ነዳጅና ዘይቱን ይዞ 196 ኪሎ ነበር፣ አዲሱ 207 ገባ። አሥራ አንድ ኪሎ በወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ጭቃ ውስጥ ተጋድሞ ብቻችሁን ስታነሱት ግን አንድ ትልቅ ሕፃን ነው።

(የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ይህንኑ ሞተር ናፍጣ እንዲጠጣ አስለውጦ ይጠቀምበት ነበር። ለግዢያችሁ ምንም አይረባም፤ ግን ሻጩ ጋ ስትደርሱ ለጨዋታ ይሆናል።)

ደረጃ 2፦ ያለፉትን አሥር ጉዞዎቻችሁን ጻፉ

የምትመኙትን ሳይሆን በእርግጥ የሄዳችሁበትን ጻፉ። ሞተር ገና ከሌላችሁ በመኪና የሄዳችሁበት ይበቃል። ከአሥሩ ስምንቱ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ከሆነ፣ የሚጠቅማችሁ ጠዋት በብርድ ቁልፍ አዙራችሁ ወዲያው የሚነሳው ነው፤ ያ ደግሞ ኢንጀክሽኑ ነው። ከአሥሩ አምስቱ ፒስታ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ትውልድ አሞርዛተር ፊትም ኋላም 230 ሚሊ ሜትር ይጫወታል፤ አዲሱ ወደ 200 ነው። "አዲስ ስለሆነ ኮረኮንች ላይ ይሻላል" ማለት አይቻልም።

እዚህ ተራራው ውስጥ ስለ ከፍታ መነጋገር ግድ ነው። ዴንቨር ራሱ 1,600 ሜትር ላይ ነው። በአይ-70 ወደ ምዕራብ ስትወጡ የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ገደማ ነው። በዩሬይና በቴሉራይድ መካከል ያለው የኢሞጂን ማለፊያ ፒስታ ደግሞ 4,000 ሊሞላ ጥቂት ሜትር ነው የሚቀረው። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ካርቡሬተር ይህን በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያካክስም። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ኢንጅኑ ያፍነዋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይፈጃል። ከአዲ አርቃይ ወደ ደባርቅ ሊማሊሞን በካርቡሬተር ሞተር የወጣ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ኢንጀክሽኑ አየሩን ለክቶ ነዳጁን ይቀንሳል፤ በሥርዓት ይነዳል።

አዲሱም ቢሆን ግን የጠፋውን አየር አይፈጥረውም። 4,000 ሜትር ላይ ሁለቱም የጉልበታቸውን ሲሶ ያህል ያጣሉ። አዲሱ ሳያስል ይወጣል፤ ፈጥኖ ግን አይወጣም። ለዚህ ብቻ ብላችሁ 2,600 ዶላር መጨመር አለመጨመር የእናንተ ነው። እኔ በዓመት ሦስት ጊዜ ለምሄድበት ተራራ አልጨምርም ነበር፤ በየቀኑ ከኮረብታ ለሚመላለስ ሰው ግን ጨምር እለዋለሁ።

ከአሮጌው ጋር ስትደራደሩ ሻጩ "22 ሳንቲም" የሚባለውን ማሻሻያ አድርጌበታለሁ ካለ ደግሞ ልብ በሉ። የካርቡሬተሩን መርፌ በትንንሽ ሮንዴላ ከፍ ማድረግ ነው፤ ሮንዴላዎቹ ያን ያህል ሳንቲም ስለሚያወጡ ነው ስሙ። ሜዳ ላይ ሞተሩን ያነቃዋል። ነዳጁን ስለሚያበዛው ግን ተራራ ላይ ትርፉ ሳል ነው።

ደረጃ 3፦ ተቀመጡበት፣ አዘንብላችሁም አንሱት

ይህ አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። የአሮጌው መቀመጫ ከመሬት 89 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የአዲሱ 87። በ2023 ከመጡት ውስጥ ኤስ የሚባለው ወደ 82 ይወርዳል። ቁመታችሁ ከ1.70 በታች ከሆነ ውይይቱ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል። በምትነዱበት ጫማ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ጎን ትንሽ አዘንብሉትና በእግራችሁ መልሱት። ሰልባትዮው ሙሉ ሲሆን ክብደቱ ላይኛው ክፍል ላይ ነው የሚያርፈው፤ ባዶ ሰልባትዮ ይዞ የሚያስሞክር ሻጭ ሳያውቅም ቢሆን ያታልላችኋል።

ደረጃ 4፦ አሮጌውን መርምሩ

ረጅም ጊዜ ስጡት። አንድ ሰዓት ከለከሉኝ ካላችሁ ሌላ ሞተር ፈልጉ።

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና "እስክመጣ እንዳታስነሳው" በሉ። ስትደርሱ ቀድማችሁ እጃችሁን ኢንጅኑ ላይ አሳርፉ። እኔ አንዴ ሁለት ሰዓት ነድቼ ሄጄ እጄን ባሳርፍ ትኩስ ሽሮ ድስት! ሰውዬው "ትንሽ ላሟሙቀው ብዬ ነው" አለኝ። ቀዝቃዛ ኢንጅን የሚደብቀው ነገር የለም፦ ቾክ ተስቦ በስንት ሙከራ እንደሚነሳ፣ ሲነሳ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ላይ የሚሰማው መንኳኳት ሲሞቅ ይጠፋ እንደሆነ። የሞቀው ግን ሁሉም ደግ ነው።

ቀጥሎ ዘይት። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝላችሁ ሰው አቁሙና በቀኝ በኩል ታች ያለችውን ክብ መስታወት እዩ። ዘይቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል መሆን አለበት። ምንም ካልታየ ሻጩ ዘይት አያይም ማለት ነው፤ ዘይት የማያይ ሰው ሌላውንም አላየም። ይህ ኢንጅን የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ግማሽ ሊትር ሲጎድል ብዙ ነው። በተለይ የ2008 ሞዴል ሆኖ ከመጣ በደንብ ጠይቁ፤ የመጀመሪያዎቹ የሁለተኛው ትውልድ ሞተሮች በሀይዌይ ፍጥነት ዘይት በመብላት የታወቁ ናቸው። ዘይት መብላቱ ብቻ ኢንጅን አይገድልም። የሚገድለው ሰውየው ሳያውቅ መንዳቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። በግራ በኩል ኢንጅኑ ውስጥ የንዝረት ማመዛዘኛ ካቴና አለ። ያንን ካቴና የሚወጥር ትንሽ ምላስና ትንሽ ሞላ አሉት። የመጀመሪያው ትውልድ ምላስ ከሁለት ብረት የተበየደ ነው፤ ይሰበራል፣ ስብርባሪውም ኢንጅን ውስጥ ይወድቃል። ሞላው ደግሞ ወይ ይበጠሳል ወይ መሳብ ያቆማል። ከ2008 በኋላ ምላሱ አንድ ወጥ ሆኖ ጠነከረ፣ ሞላው ግን ማስቸገሩን አላቆመም። አሜሪካኖቹ የዚህን ዕቃ ትክክለኛ ስም ትተው "ዱሂኪ" ይሉታል፤ እኛ "እንትኑ" እንደምንለው ማለት ነው። በጠንካራ ምላስና በተሻለ ሞላ የሚቀይሩት ዕቃ ገበያ ላይ ሞልቷል፣ ውድም አይደለም። ሥራው ግን የግራውን ሽፋን፣ ከዚያም የዲናሞውን ማግኔት ማውጣት ይጠይቃል፤ ለዚህ ልዩ መንቀያ ያስፈልጋል።

ሳይፈታ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ሻጩን "ዱሂኪው ተቀይሯል?" ብላችሁ ጠይቁና ፊቱን እዩ። "አዎ፣ በዚህን ያህል ማይል ላይ፣ ይኸው ደረሰኙ" ካለ ዋጋው ላይ ብዙ አትከራከሩ። "ምንድን ነው እሱ?" ካለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት፤ የሥራውን ዋጋም ከዚያው ቀንሱ።

ከዚያ መቀመጫውን አንሡ። የኋላው ሻንሲ ከዋናው ጋር የሚገናኝባቸውን የላይኞቹን ሁለት ቡሎኖች እዩ። ሻንጣና ሰው አብዝተው የጫኑበት ሞተር ላይ እነዚህ ቡሎኖች ይቆረጣሉ። ዙሪያቸው ቀለም ተላልጦ ዝገት ካለ ወይም አንዱ ከሌላው የተለየ አዲስ ቡሎን ከሆነ፣ ታሪክ አለ። አዋቂዎች ከዳር እስከ ዳር በስተው አንድ ረጅም ጠንካራ ቡሎን ያሳልፉበታል፤ ይህን ካያችሁ የሚያስብ ሰው እጅ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

የነዳጅ መዝጊያው በግራ በኩል ነው። ወደ ሪዘርቭ (ወደ መጠባበቂያው ነዳጅ) አዙሩትና እንደሚሠራ አረጋግጡ፤ መልሱትም። መልሱት ያልኩት በራሴ የደረሰ ስለሆነ ነው። አንድ ቅዳሜ ሳልመልስ ረስቼው ኬኖሻ ማለፊያ ላይ ነዳጁ ሙልጭ ብሎ አለቀብኝ። ሪዘርቩን አስቀድሜ ጠጥቼዋለሁ፣ የሚቀረኝ መግፋት ብቻ ነበር። አዲሱ ላይ የነዳጅ መጠን በዳሽቦርዱ ይታያል፣ መዝጊያ የሚባል ነገር የለም። ለእንደኔ ዓይነቱ ዝንጉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ መሐል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ካቴናውን ከኋላው ጥርስ ላይ በጣት ሳቡ፤ ጥርሱ ግማሽ ያህል ከታየ ካቴናውም ጥርሶቹም ይቀየራሉ። ራጂዎቹን በመፍቻ እየነካችሁ ድምፃቸውን ስሙ፤ የላላው ደንቆሮ ድምፅ አለው። ቫልቭ መቼ እንደተለካ ጠይቁ። ማስገቢያው ከ0.10 እስከ 0.20፣ ማስወጫው ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለው፣ የሚለካውም በብርዱ ነው። "ቫልቭ ሲንኳኳ እሰማዋለሁ፣ ደህና ነው" የሚል ሻጭ ያጋጥማችኋል። የሚያስፈራው እኮ የማይንኳኳው፣ የጠበበው ነው።

ደረጃ 5፦ አዲሱንም መርምሩ

እዚህ የሚታይ ነገር ያንሳል፤ ጥቅሙም ጉዳቱም ይኸው ነው። ቁልፍ ስታዞሩ የነዳጅ ፓምፑ ለአፍታ "ዝዝዝ" ሲል ስሙ። የኢንጅን መብራትና የኤቢኤስ መብራት መብራታቸውን፣ ከዚያም መጥፋታቸውን እዩ፤ የኤቢኤሱ የሚጠፋው ሞተሩ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን የፌደራል የትራፊክ ደኅንነት ተቋሙ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሠራለት ጥሪ (ፋብሪካው በነጻ ላርመው ብሎ የጠራው ጉድለት) እንዳለ ፈልጉ፤ ነጻ ነው።

ኤቢኤሱ ላይ ግን አስቡበት። ይህ ሞተር ኤቢኤሱን የሚያጠፋ ቁልፍ የለውም። ዝናብ ያለበት አስፋልት ላይ ነፍስ ያድናል። ጠጠር ያለበት ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑን እየለቀቀ ስለሚይዝ መቆሚያው ይረዝማል፤ ፒስታ የሚያበዙ ሰዎች ፊውዝ ሲነቅሉ የምታዩት ለዚህ ነው። በ2022 ያለ ኤቢኤስ 6,699፣ ከኤቢኤስ ጋር 6,999 ዶላር ነበር የፋብሪካው ዋጋ። ከተማ ውስጥ ለሚውል ሰው ከዚያ 300 ዶላር የተሻለ ወጪ አላውቅም።

ሌላው ባትሪ ነው። ባትሪው የደከመ አሮጌ ኬኤልአር ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ተገፍቶ ሊነሳ ይችላል። አዲሱ ግን ፓምፑ ካልዞረ ነዳጅ የለም፤ ብትገፉት ወገባችሁ ነው የሚነሳው። ትንሽ ባትሪ ማስነሻ ይዛችሁ መሄድ ልመዱ።

ደረጃ 6፦ ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ

የልጁን ሒሳብ እንደ ምሳሌ ልሥራው። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ እናንተ በአካባቢያችሁ ዋጋ ተኩት።

የ2006ቱ 2,800 ዶላር። ሁለት ጎማ ከካላማዳሪ ጋር 300፣ ካቴናና ጥርሶቹ 180፣ ባትሪ 90፣ ዱሂኪውና ጓርኒሲዮኖቹ 120፣ የፍሬን ሸራ 60፣ ዘይትና የራዲያተር ፈሳሽ 100። ዕቃው ብቻ 850 መጣ። ራሳችሁ ከሠራችሁት 3,650 ላይ ያርፋል። መካኒክ ከሠራው ደግሞ ጎማውን፣ ዱሂኪውን፣ ቫልቭ መለካቱን ጨምሮ አሥር ሰዓት በሰዓት 120 ቢታሰብ 1,200 ይጨመርና 4,850 ይሆናል።

የ2022ቱ 5,400፣ ጎማና ዘይት 250፤ በድምሩ 5,650።

እንግዲህ በሻጮቹ አፍ 2,600 የነበረው ልዩነት መፍቻ ላለው ሰው 2,000፣ መፍቻ ለሌለው 800 ሆነ ማለት ነው። በ800 ዶላር አሥራ ስድስት ዓመት ወጣት የሆነ፣ በብርድ የሚነሳ፣ ፍሬኑ የተሻለ ሞተር ይገኛል። በ2,000 ዶላር ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ለብዙ ሺህ ማይል ቤንዚን ይሆናል። አሮጌው ደግሞ ዋጋው መውረዱን ጨርሷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የገዛችሁበትን አካባቢ ታገኙበታላችሁ። አዲሱ ገና ይወርዳል።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱ

ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) በሻጩ ስም መሆኑን ከመታወቂያው ጋር አስተያዩ። የሻንሲ ቁጥሩን መሪው ሥር ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ታይትሉ ላይ ሳልቬጅ (ክፉኛ ተጎድቶ ኢንሹራንስ የጣለው) ከተባለ፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ እኔ ተመልሼ ቤቴ ነው የምሄደው። ባንክ ብድር ያለበት ከሆነ ክፍያውን ባንኩ ውስጥ ጨርሱ። "ታይትሉን በፖስታ እልካለሁ" የሚባለውን ተስፋ አትግዙ።

ልጁ በመጨረሻ የ2006ቱን ገዛ። ምክሬን አልሰማም ማለት አይደለም፤ አጎቱ ጋራዥ እንዳለው ቆይቶ ትዝ አለው። ሻጩ ስለ ዱሂኪው ምንም ስላላወቀ 350 ዶላር አስቀንሷል። ባለፈው እሑድ የግራውን ሽፋን ፈተን ስናይ ሞላው መሳብ አቁሞ ምላሱ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘነው። በፒንሳ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። የልብስ መቆንጠጫ ሞላ የምታክል ነገር ናት። "ይቺ ናት?" አለኝ።